ያልተዋጠ ወይን

ጋሽ ክብሩ ከጠርሙሱ ጥቂት ቀድተው ብርጭቆውን ሲያቀብሏት ሐዳሳ አንገቷን ደፋች። ሌሎቹ አስተናጋጆች ብርጭቋቸውን ከፍ አድርገው የወይኑን ቀለም በመስኮቱ ብርሃን ያያሉ። እሷ ግን የብርጭቆውን ቀጭን እግር በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ለሁሉም እስኪዳረስ ትጠብቃለች።

«ሐዱ፣ ፓስተሩ ዛሬ አይመጡም» አለ ኤልናታን ከባንኮኒው ኋላ።

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ሐዳሳ ዓይኗን ስትገልጥ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። አስባ ያደረገችው አይደለም፤ ሰውነቷ ነው ያደረገው። ከልጅነቷ ጀምሮ ቀይ መጠጥ በትንሹ ተቀድቶ ሲሰጣት የምታውቀው ይህን ብቻ ነው፤ አንገት ይደፋል፣ ይጠበቃል፣ ከዚያ ጉባኤው ሁሉ በአንድነት ይጠጣል። እሱም ቢሆን ወይን አይደለም። እናቷ ወይዘሮ አለምነሽ ቀቅላ የምታጠልለው የዘቢብ ውሃ ነው።

ጋሽ ክብሩ አልሳቁም። «ወይን እንዲህ በአክብሮት የያዘልኝ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ። «በይ አሁን አሽትቺው።»

ሆቴሉ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው። በቅርቡ አዲስ የመመገቢያ አዳራሽ ከፍቷል፤ ሥራ አስኪያጁም ለአዳራሹ የወይኑን ነገር ብቻ የሚይዝ አንድ ሰው እፈልጋለሁ ብሏል፤ እንግዳው የሚበላውን አይቶ የሚመርጥለት፣ ጠርሙሱን የሚከፍትለት፣ ሲጠየቅ የሚመልስ። ዝዋይ የወይን እርሻ ውስጥ ሲሠሩ ያረጁትን ጋሽ ክብሩን ያስመጣቸው ለዚህ ነው። ሥልጠናው አልቆ ሰኞ ጠዋት ፈተና አለ። ከፈተናው አንድ ሰው ይመረጣል።

ሐዳሳ ያንን ቦታ ፈለገችው። በሕይወቷ እንዲህ አጥብቃ የፈለገችው ነገር ስላልነበረ ፍላጎቱ ራሱ አስደነገጣት። ኮሌጅ ከጨረሰች ወዲህ ትሪ ስትሸከም ኖራለች። እንግዶች «ውሃ» ይሏታል፣ «ሒሳብ» ይሏታል፣ «ዓሣው የዛሬ ነው?» ይሏታል። አንቺስ ምን ይመስልሻል ብሎ የጠየቃት ግን የለም። ጋሽ ክብሩ በየብርጭቆው የሚጠይቁት ይህንኑ ብቻ ነው። «ምን አገኘሽ?»

ከራሷ ጋር የገባችው ውል አጭር ነበር፤ አትውጥም። ባለሙያዎቹም ቢሆኑ አይውጡም፤ ቀኑን ሙሉ የሚቀምስ ሰው ቢውጥ በእግሩ ቤቱ አይገባም። ጠረጴዛው መሃል የብረት መትፊያ ተቀምጧል። ማሽተት፣ አፍ ውስጥ ማገላበጥ፣ እዚያ መትፋት። መትፋቱን ሐዳሳ ከሁሉም ቀድማ ተካነችው፤ ከንፈሯን አሹላ፣ ቀጥ ባለ ቀጭን ክር፣ አንዲት ጠብታ ሳታንጠባጥብ። ለእናቷ «የመስተንግዶ ሥልጠና አለን» አለቻት። ውሸት አልነበረም። እናቷ «ተባረኪ፣ ልጄ» ስትላት ግን እውነትም አልመስል አላት።

በማግስቱ ኤልናታን ከስልኩ ያጠናውን ይዞ መጣ። አንዴ አሸተተና «ቼሪ» አለ። «ብላክቤሪ። ትንሽ ቫኒላ።»

«ቼሪ በልተህ ታውቃለህ?» አሉት ጋሽ ክብሩ።

«ኬክ ላይ።»

«እሱ ስኳር ነው፣ ልጄ። ቀይ ቀለም የነከሩት ስኳር። የማታውቀውን ነገር አታግኝብኝ።» ወደ ሐዳሳ ዞሩ። «አንቺስ? የበላሽውን፣ የነካሽውን፣ ያለፍሽበትን ንገሪኝ።»

ሐዳሳ ብርጭቆውን አፍንጫዋ ሥር ይዛ ቆየች። ያገኘችው ነገር ለመናገር ያሳፍራል። «የራሰ ገመድ» አለች በቀስታ።

ኤልናታን ባንኮኒውን በመዳፉ መታ። «ገመድ! እንግዳው ምን ይምጣልዎ ሲባል፣ አንድ ገመድ ከነብርጭቆው ይበል?»

ጋሽ ክብሩ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙትና እንደገና አሸተቱ። «የት ያለ ገመድ?»

«አሞራ ገደል። ጀልባ የሚታሰርበት። ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው።»

«ቀጥዪ።»

«ከሱ ቀጥሎ ዘይቱን፤ ፍሬው አይደለም፣ ቅጠሉ፣ በእጅ ሲታሽ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀረፋ የበዛበት ሻይ። የቀዘቀዘ።»

ጋሽ ክብሩ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ገመዱ አሁን አይለቀኝም» አሉ።

ሐዳሳንም አልለቀቃት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፍንጫዋ ነቃ፤ ነቅቶም መልሶ አልተኛም። ባጃጅ ውስጥ ስትገባ የወንበሩን ፕላስቲክ፣ የሾፌሩን ሸሚዝ ሳሙና፣ ከእሷ በፊት የወረደችውን ሴት የፀጉር ቅባት ለየብቻ እየለየች ትጓዛለች። በጉዱማሌ መናፈሻ በኩል ሲያልፉ የተረገጠ ሣር። አዲስ ከተማ ሲደርሱ ከወፍጮ ቤቱ የሞቀ በቆሎ፣ ከጎማ ጠጋኙ ሙጫ። ድሮ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሰፈሯ ነበር። አሁን እያንዳንዱ በተራ እጇን ይይዛታል፣ ያቆማታል፣ ሌላው ደግሞ ይነጥቃታል። ቁጭ ማለት አቃታት። ቤት ስትገባ ያጠበችውን ሳህን መልሳ ታጥባለች፤ ትቀመጥና ትነሳለች። የመዝሙር ልምምድ ላይ መግባት ያለባትን ቦታ አለፈችው፤ አጠገቧ የቆመችው ሩሀማ ሽንኩርት ልጣ፣ ከዚያ በሎሚ ታጥባ እንደመጣች እያሰበች።

ኃጢአት ይሆን? ስለ መጠጣት ሁሉም ያውቃል። ስለ ማሽተት ግን ማንም አላስተማራትም። ወይም ጋሽ ደበሌ አስተምረዋታል። ጋሽ ደበሌ የአጥቢያው ሽማግሌ ናቸው፤ የጌታ እራት በሚወሰድበት እሑድ ሁሉ ተነስተው ይመሰክራሉ። በወጣትነታቸው አረቄ ቦይ ለቦይ አንከባሏቸዋል። «ሽታው ብቻ ይበቃ ነበር፣ ወገኖቼ» ይላሉ። «ሽታው ብቻ በኮሌታዬ ይዞ ይጎትተኝ ነበር። ዛሬም አንዲት ጉንጭ ብቀምስ የት ተጥዬ እንደምገኝ አላውቅም።» ጉባኤው ሃሌሉያ ይላል። ሐዳሳ ይህን ምስክርነት በቃሏ ታውቀዋለች። በዚያ ሰሞን ግን ትሪ ይዛ በጠረጴዛዎቹ መሃል ስታልፍ ይመጣባታል፤ ባዶውን እጇን ሰዳ ኮሌታዋን ትነካለች።

ዐርብ ዕለት ጋሽ ክብሩ ከሌሎቹ ለይተው አስቀሯት።

«አፍንጫሽ ግሩም ነው» አሏት። «አፍሽ ግን ይፈራል። ሩዝ ውስጥ ድንጋይ እንዳገኘ ሰው ነው የምትተፊው። ወይኑ ወሬውን ሳይጨርስ ታባርሪዋለሽ።»

«ትፉ ብለውን የለ እንዴ፣ ጋሼ?»

«ትፉ ብያለሁ፤ ሽሹ አላልኩም። መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ከዚያ ይኮመጥጣል፣ ከዚያ ድድን ይዞ ያደርቃል። ዋናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ዋናው ሲመጣ ሁልጊዜ የለሽም።» የጠርሙሱን አንገት በጨርቅ ጠረጉ። «ማንን ነው የምትፈሪው?»

«እናቴን።»

ይስቃሉ ብላ ነበር። «እሱን እኔ ላስተምርሽ አልችልም» አሉ። «ሰኞ ግን እስከ መጨረሻው ካልያዝሽው ቦታውን ሌላ ሰው ይወስደዋል።»

በር ላይ ኤልናታን ጠበቃት። በግማሽ ጆሮው ሲሰማ ቆይቷል። «ለምን አትነግሪያትም? አንቺ ትልቅ ሴትዮ!»

«አንተ እናቴን አታውቃትም።»

«ምን ታደርግሻለች? ትገርፍሻለች?»

«ዝም ትለኛለች።»

ኤልናታን አሰበበት። «እሱስ ይከፋል» አለ።

አለምነሽ የጌታን ማዕድ የምታዘጋጀው ሐዳሳ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ነው። በወር አንዴ፣ ቅዳሜ፣ ዘቢቡን ታጥባለች፣ ትቀቅላለች፣ በነጭ ጨርቅ ታጠልላለች፤ እሑድ ማለዳ በቢጫ ጄሪካን ይዛ ትሄዳለች። ከዚህ ሌላ በጉባኤው ፊት የምትታይበት ነገር የላትም፤ አትዘምርም፣ አታስተምርም። ማዕዱ የእሷ ነው። የአገልግሎቱ ኃላፊ እህት ሙሉጌጥ «ሱቅ ሙሉ ቀይ ሽሮፕ እያለ ምን ያደክምሻል?» ትላታለች። አለምነሽም «እኔ ደከመኝ ብያለሁ?» ብላ ወደ ጄሪካኗ ትመለሳለች።

በዚያ ሳምንት ግን ይርጋለም ያለች አክስቷ ሞተችባትና ሐሙስ ለለቅሶ ሄደች። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ እንጂ እንደማትመለስ ስላወቀች ዘቢቡን ረቡዕ ቀቅላ፣ አጥልላ፣ ጄሪካኑን ፍሪጅ ውስጥ አስገብታው ነበር። ሐዋሳ ደግሞ ያን ሰሞን በሙቀት ነድዳለች። መብራት ይመጣል ይሄዳል፤ ከመምጣቱ መሄዱ ይበዛል። ሐዳሳ ሆቴል ውላ ሆቴል ስለምትበላ ፍሪጁን አልከፈተችውም።

አለምነሽ ከለቅሶው ስትመለስ አቧራዋን ሳታራግፍ ከቦርሳዋ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አወጣች። «እስቲ እዪልኝ፤ መንገድ ላይ አልከረፋም?»

ሐዳሳ አሸተተችው። «ትኩስ ነው፣ እማ።»

ይህን ልማድ ያመጣችው ኮሮና ታማ ከዳነች ወዲህ ነው። ወጡ አረረ እንዴ? ወተቱ ደህና ነው? ሐዳሳ ከዕድሜ ጋር የመጣ ነገር አድርጋው ነበር፤ ብቻዋን ስትውል ሰው ማናገር አምሯት።

እሑድ ማለዳ፣ አምልኮው ከመጀመሩ በፊት፣ እናትና ልጅ ከመድረኩ ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፤ አውራ ጣት የሚያህሉ ኩባያዎች በየትሪው ተደርድረዋል። ከውጭ ወንበር ይጎተታል። አንዱ ማይክሮፎን ይሞክራል፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሃሌሉያ።» ሐዳሳ የመዘምራን ልብሷን ለብሳ በአንድ እግሯ፣ ደግሞ በሌላው እየቆመች ኩባያዎቹን ታስተካክላለች።

አለምነሽ የጄሪካኑን ክዳን አዞረችው። ፍስስ አለ።

«አየር ይዟል» አለች። እንደ ሁልጊዜዋ ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ጄሪካኑ አፍ ላይ አስጠጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ በረጅሙ ሳበች። ቀና ስትል ፊቷ በርቷል። «እሰይ! ሽታው ደስ ሲል!»

ሽታው ሐዳሳ ዘንድ የደረሰው ያን ጊዜ ነው።

ጥቁር ጥቁር ነጥብ ያወጣ ሙዝ። ያደረ ሊጥ። ከሁለቱም ሥር ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሆቴል ውስጥ ስትለምደው የሰነበተችው፣ አፍንጫን ከውስጥ የሚያሞቀው ነገር። በተሳሳትኩ ብላ ተመኘች። እናቷን አየቻት። እናቷ እየተፍለቀለቀች ማንቆርቆሪያውን ትወለውላለች። ይህች ሴት ይርጋለም ጠጅ ቤት ጎረቤት ያደገች ናት፤ ይህንን ሽታ ከመንገድ ማዶ ብትሰማው አፍንጫዋን ይዛ የምታልፍ ናት። ወጡ አረረ እንዴ? ቅቤው አልከረፋም? ለሐዳሳ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባት። እናቷ ምንም አይሸታትም።

አንዷን ኩባያ አንስታ ከጄሪካኑ ቀዳችና አፏ ውስጥ አደረገችው።

መጀመሪያ ጣፈጠ። ዝም ልበል? አለች በልቧ። ለአንድ ሰው አንድ ጉንጭ ነው፤ በአንድ ጉንጭ ማን ይሰክራል? ጋሽ ደበሌ ግን የፊተኛው ወንበር ላይ ናቸው። የተሰጣቸውን አምነው ይጠጡታል።

ከዚያ ኮመጠጠ። እጄን አዳልጦኝ ጄሪካኑ ቢወድቅስ? ማንም ምንም አይጠይቅም፤ አለምነሽ አርጅታ መያዝ አቃታት ይባላል፣ ያልቃል። በሚመጣው ወር ግን ያው ጎንበስ ትላለች፣ ያው እሰይ ትላለች።

ከዚያ ድዷን ይዞ አደረቀው። ብናገርስ? በምን አወቅሽ ትለኛለች። ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ አንድ ነው፤ ሐይቁ ዳር፣ ብርጭቆው፣ መትፊያው፣ ነገ ጠዋት። ዝም ትለኛለች። ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አፍንጫዋ ከታወቀ ማዕዱን ይወስዱባታል።

ከዚያ ዋናው መጣ። ዘገየ፣ ግን መጣ፤ ሞቅ ያለ፣ ጥቂት መረር የሚል፣ ከዘቢቡ ኋላ ዘቢቡ ሳይደርቅ በፊት የነበረውን ፍሬ የሚያሳይ። ሐዳሳ ወይን እስከ መጨረሻው አፏ ውስጥ ስትይዝ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሳትወድ በግዷ አደነቀችው። እናቷ ሳታውቀው ወይን ሠርታለች፤ መጥፎም አይደለም።

መስኮቱ ክፍት ነው። ከንፈሯን አሹላ፣ ቀጥ ባለ ቀጭን ክር፣ ወደ ጓሮው ተፋችው። ነጩ ልብሷ ላይ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም።

ዞር ስትል እናቷ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ታያታለች።

«ይሄን የት ተማርሽው?»

ሰውነቷ ነው ያደረገው። አሁንም።

«እማ፣ ይሄ ጠጅ ሆኗል።»

«ምን ሆኗል?»

«ተብላልቷል። ረቡዕ ነው የቀቀልሽው፤ መብራት አልነበረም። ለጋሽ ደበሌ ልንሰጣቸው አንችልም።»

«አሸተትኩት እኮ! ምንም አልሆነም።»

«አላሸተትሽውም፣ እማዬ።»

አለምነሽ ዓይኗን ወደ ጄሪካኑ መለሰች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ሐዳሳ። «ከኮሮናው?»

«አንቺስ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች እናቷ።

ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ። «ጌታ ይባርካችሁ!» አለች እህት ሙሉጌጥ ጉልበት በተሞላ ድምፅ። «ትሪዎቹ ደረሱ? ፓስተር ምንያህል መጥተዋል።»

ሐዳሳ ጄሪካኑን አየች። አሁንም አልረፈደም፤ በክርኗ ነካ ብታደርገው ይበቃል። ነገር ግን እናቷ ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አልደረሰም» አለች። «ተበላሽቶብኛል። ሱቅ ላኪና ሽሮፑን ያምጡ።»

«ምኑ ነው የተበላሸው?» ሙሉጌጥ ቀርባ አንዴ አሸተተችና ራሷን ወደ ኋላ ወረወረች። «ኧረ በጌታ ስም! ይሄማ የለየለት ጠጅ ነው! እንዴት ሳይሸትሽ ቀረ?»

«አይሸተኝም። ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም።»

ሙሉጌጥ ልታዝን ነው ወይስ ደስ ሊላት ፊቷ መወሰን አቃተው። «ታዲያ በምን አወቅሽ?»

«ልጄ ነገረችኝ።»

«ሐዳሳ?» ሙሉጌጥ ዓይኗን አጠበበች። «አንቺ ደግሞ የጠጅ ሽታ ከየት ታውቂያለሽ?»

እናቷ ቀደመቻት። «አፍንጫ የላትም እንዴ? አንቺስ አሁን ከየት አወቅሽው?»

ሙሉጌጥ የሰው ስም እየጠራች፣ ሱቅ የሚሮጥ ፍለጋ በኮሪደሩ ወጣች።

ጉባኤው ያን ዕለት ደማቅ ቀይ ሽሮፕ ወሰደ። ጋሽ ደበሌ እንደ ሁልጊዜው ተነስተው መሰከሩ፣ ስለ ኮሌታቸው ተናገሩ፣ ትንሿን ኩባያ ጨለጧት፤ ከመድረኩ ጎን ስትዘምር የነበረችው ሐዳሳ ጉሮሯቸው ሲወርድና ሲወጣ እስክታይ ድረስ ዓይኗን ከእሳቸው አልነቀለችም። እናቷ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ነበረች። ኩባያዋን ተቀብላ አንገቷን ደፋች፤ ሰው ሁሉ ጠጥቶ ቀና ካለ በኋላም እንደደፋች ቆየች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሐዳሳ የፈራችው ደረሰ። አለምነሽ ዝም አለቻት። ባጃጁ ውስጥ ጄሪካኑ በመካከላቸው ተቀምጧል፤ መንገዱ ባንገጫገጨው ቁጥር ክዳኑ ፍስስ ይላል። ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸው።

«እማማ፣ ሠርግ አለ እንዴ? ይሸታል!»

«ንዳ አንተ!» አለች አለምነሽ። እስከ ቤት የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።

ግቢ ሲገቡ ሐዳሳ ልብሷን ሳትቀይር ወዲያ ወዲህ አለች። ቧንቧው ሥር ያለውን ባልዲ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። እናቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ትፈታለች።

«ሥልጠናው ይሄ ነው?» አለች ቀና ሳትል።

«ይሄ ነው።»

«ትውጪዋለሽ?»

«ውጬ አላውቅም።»

«ዛሬስ?»

«አየሽኝ እኮ።»

«አየሁሽ።» አለምነሽ አንዱን ጫማ አውልቃ አራገፈችው። «አባቴ እንዳንቺ ቢተፋው ኖሮ ማታ ማታ በእግሩ ቤቱ ይገባ ነበር።»

ሐዳሳ ይህን ሰምታ አታውቅም። ቆመች፤ ከዚያ እግሯ እንደገና መራመድ ጀመረ። ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ጋሽ ክብሩ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ አንዱ ቦታ። «ነገ ጠዋት ፈተና አለኝ» አለች። «ወይን ሰጥተውኝ፣ ምን አገኘሽ ይሉኛል።»

«ይኼ ብቻ?»

«ይኼ ብቻ።»

አለምነሽ ሁለተኛውን ጫማ አወለቀች። «ደስ አይለኝም፣ ሐዳሳ። ነገም ከነገ ወዲያም ደስ አይለኝም። እወቂው።»

«አውቃለሁ።»

«ማዕዱም እንግዲህ የሙሉጌጥ ነው። ሽሮፑን ወደዱላት።»

«እኔ ላሽትትልሽ እችላለሁ። ቀቅይው፤ እኔ ቅዳሜም እሑድም አሸትልሻለሁ። ለሙሉጌጥ ንገሪያት።»

አለምነሽ በባዶ እግሯ ተነስታ ጄሪካኑን አንጠልጥላ ዘይቱኑ ዛፍ ሥር ወሰደችው። ክዳኑን ከፈተች። ልትደፋው አዘንብላ አቆመች፤ አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ሳበች፣ ጠበቀች። በዚህኛው ጊዜ እሰይ አላለችም።

«ምን ምን ይላል?» አለች።

ሐዳሳ ቀረበች። «ሙዝ። ነጥብ ያወጣ፣ ገበያ ላይ ሲመሽ በርካሽ የሚሸጡት።»

አለምነሽ ጄሪካኑን ጥቂት አዘነበለችው። ቀዩ ውሃ አፈሩ ላይ ፈሰሰ።

«ሌላስ?»

«ያደረ ሊጥ። ክዳኑ ሲነሳ መጀመሪያ ፊት የሚመታው።»

ፈሰሰ። ሐዳሳ እንደገና ለማሽተት ጎንበስ አለች፤ እናቷም ጄሪካኑን ቀና አድርጋ አቆመችው።

«ከሱ ሥር» አለች ሐዳሳ፣ «ይርጋለም ዝናብ ሲያባራ፣ የአክስትሽ ቤት አጥር። የእንጨቱ። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ፀሐይ ሲወጣ።»

«እሱን አጥር ታስታውሺዋለሽ?»

«አሁን መጣልኝ። አንቺስ? መጣልሽ?»

አለምነሽ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከጄሪካኑ አፍ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ቀርታለች።

«ምንም አልመጣልኝም» አለች። «ቀጥዪ።»